ጋቢና የምትቀመጠው እናቴ ናት

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። በድሬዳዋ ጉምሩክ በኩል የሚያልፍ ዕቃ ሰነዱን አሰናድቼ፣ ዲክላራሲዮኑን ሞልቼ፣ ቀረጡ ተሰልቶ ተከፍሎ ዕቃው እስኪለቀቅ ድረስ ከኋላው የምሮጥ ሰው ነኝ። መኪና ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሻንሲ ቁጥሩ ላይ ነው። ቀለሙ ቢላጥ፣ ጎማው ቢያልቅ ደንበኛው ይጨነቅበታል፤ ቁጥሩ ከማጓጓዣ ሰነዱ ጋር በአንዲት ፊደል ካልገጠመ ግን እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማን እንደሠራው ይናገራሉ፤ ከጄ የሚነሳው ጃፓን የተሠራ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች 10ኛዋ ቦታ ላይ የሞዴሉን ዓመት ያስቀምጣሉ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የመኪና ዕድሜ ከባድ ብር ሆኗል። ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ ስለሚከብድ፣ በዓመቱ ላይ የሚነሳው ክርክር ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ጉምሩክ ቁጥሩን አጥብቆ ያነበዋል። ባንክ ብድር ሲሰጥ ያነበዋል። መድን ድርጅት ውል ሲዋዋል ያነበዋል። መንገድ ትራንስፖርት ሊብሬው ላይ ይጽፈዋል፤ ለቦሎ ሲኬድ ደግሞ ኮፈን አስከፍቶ ያመሳክረዋል። ይህ ሁሉ ዓይን ያርፍበታል። የሚነበበው ግን ለገንዘብና ለባለቤትነት ነው። በዚያው ቁጥር «ይህ መኪና ፋብሪካው አምጡልኝ ያለው የደህንነት ጉድለት አለበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ መስኮት በሥራዬ ዘመን አላጋጠመኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ነው።

ሪኮል የሚባለው ነገር፣ እኔ ጥሪ የምለው፣ እንዲህ ነው። መኪናው ተሽጦ፣ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ዓመታት ከተነዳ በኋላ ፋብሪካው ራሱ ወይም የአገሩ መንግሥት የደህንነት ጉድለት ያገኝበታል። ፍሬን ሊሆን ይችላል፣ መሪ፣ የነዳጅ ፓምፕ ወይም መኪና ሲጋጭ ተነፍቶ ሰውን የሚያድነው ከረጢት፣ ኤር ባግ። ያኔ ፋብሪካው ጉድለቱ ያለባቸውን መኪኖች ሻንሲ ቁጥር አንድ በአንድ ያወጣል፣ ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዕቃውን በራሱ ወጪ ይቀይራል። ባለቤቱ ለዕቃውም ለጉልበቱም ሳንቲም አይከፍልም። አሜሪካ ውስጥ የዚህ አሠራር ሕጋዊ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ዛሬ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም አላቸው፤ ሳዑዲ ውስጥ የንግድ ሚኒስቴሩ ሰው ሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ የሚያጣራበት ገጽ ከፍቷል።

ደብዳቤው የሚሄደው ግን ወደተመዘገበው ባለቤት ነው። የእኛ መኪና ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ዱባይ ወይም ጅዳ ያለ ሰው ነው። እሱ ከሸጠው ዓመታት አልፈዋል። መኪናው በጨረታ ወጥቶ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ እኛ ጋ መጥቶ ታርጋ ለጥፏል። ደብዳቤው እዚያ የሆነ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። መኪናው ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት እየወጣ ነው።

ከጥሪዎች ሁሉ የከፋው የታካታ ነው። ታካታ ለሆንዳ፣ ለቶዮታ፣ ለኒሳን፣ ለማዝዳ፣ ለቢኤምደብልዩ፣ ለፎርድና ለሌሎችም ኤር ባግ ያቀርብ የነበረ የጃፓን ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በሆንዳ በኩል ሲወጣ የነካው ጥቂት ሺህ መኪና ብቻ ነበር። ከዚያ ዓመት በዓመት እየሰፋ ሄዶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤር ባግ ደረሰ፤ በመላው ዓለም ወደ 100 ሚሊዮን ይገመታል። በመኪና ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ጥሪ የለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቅጣትና ካሣ ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ መክሰሩን አስታወቀ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 በላይ ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት ሴት ከግጭት በኋላ አንገቷ ላይ የነበረውን ቁስል ያዩ መርማሪዎች መጀመሪያ በስለት የተወጋች መስሏቸው ነበር። ግጭቱ እንዲያ የሚያደርስ አልነበረም። ቁስሉን ያመጣው ሊያድናት የተሠራው ዕቃ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ አገር ለምን እንደሚብስ የሚገባው ያኔ ነው። ከኤር ባጉ ከረጢት ሥር ኢንፍሌተር የሚሉት ብረት ጣሳ አለ። ውስጡ የተጠቀጠቀ የአሞኒየም ናይትሬት እንክብል አለ። መኪናው ሲጋጭ እንክብሉ ይነድና ጋዙ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ከረጢቱን ይሞላዋል። ዕቃው ደህና ከሆነ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን እንክብሉ ለዓመታት እርጥበት ሲገባበት፣ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድበት ይላላል፣ ይፈረካከሳል። ግንድና ጭራሮ እኩል አይነድም፤ የተፈረካከሰውም ባንዴ ይነዳል፣ ጣሳው ግፊቱን መቻል ያቅተዋል፣ ብረቱ ተሰባብሮ በከረጢቱ በኩል ወደ ሰው ፊትና አንገት ይተኮሳል።

የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያስቀመጠው ምክንያት ሦስት ነው፦ ጊዜ፣ እርጥበት፣ ከፍና ዝቅ የሚል ኃይለኛ ሙቀት። ይህን ሳነብ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። እነዚህ መኪኖች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጉብዝናቸውን ያሳለፉት ባሕር ዳር ወበቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ድሬ መጡ። ግንቦትና ሰኔ ቀትር ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ፀሐይ ቆመው የዋሉ መኪኖችን ዳሽቦርድ እጅ አያስነኩም፤ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቦታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ያው መኪና ማታውኑ ሐረማያን አልፎ ሐረር ብርድ ውስጥ ያድራል፣ በነጋታው ይወርዳል። ከፍና ዝቅ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ እኅቴ መኪና ልምጣ። እኅቴ ሐረር ነው የምትኖረው፣ ከጀጎል ውጭ። ባሏ ከአንድ ሻጭ የገዛት፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ስትነዳ የኖረች ትንሽ ነጭ ጃፓን ሠራሽ መኪና አለቻቸው። እናታችን ድሬ እኔ ጋ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ይመጡና ይወስዷታል፣ ለቁልቢም ይዘዋት ይሄዳሉ። እናቴ የምትቀመጠው ጋቢና ነው። የት ልትቀመጥ! እናት ከኋላ፣ ልጅ ከፊት ተደርጎ አያውቅም። ታላቅ ሰው ጋቢና ይገባል፣ ወጣቱ ከኋላ ይተፋፈጋል፤ ይህ የመከባበራችን ወግ ነው። ታዲያ በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች የተጠራው ኤር ባግ የትኛው ነው? የተሳፋሪው፣ ከጋቢናው ፊት ለፊት ያለው። በአክብሮት የምናስቀምጣቸው ሰዎች ፊት ማለት ነው።

አሜሪካ ያለ ያክስቴ ልጅ የራሱን መኪና ለጥሪ ወስዶ እንዳሠራ ሲያጫውተኝ ነው የእኅቴን ቁጥር ለማጣራት የተነሳሁት። የሊብሬውን ፎቶ ላከችልኝ። ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሳስገባ ገጹ «ትክክል አይደለም» እያለ መለሰብኝ። ሊብሬውን አጉልቼ ሳየው አንድ ቦታ ላይ ኦ የምትባለው የላቲን ፊደል ተጽፋለች። እዚህ ላይ የሥራዬ ልምድ ጠቀመኝ፦ በ17ቱ ቁጥር ውስጥ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ነው የተተዉት። ስለዚህ ሊብሬ ላይ ኦ ካያችሁ ዜሮ ናት፣ አይ ካያችሁ አንድ ናት። ለማንኛውም እኅቴን የሾፌሩን በር ከፍታ ምሰሶው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንድታነብልኝ አደረግኋት። ዜሮ ነበረች። አስተካክዬ ሳስገባ ገጹ ተከፈተ፦ የተሳፋሪው ፊት ኤር ባግ ኢንፍሌተር፣ ጥሪ የወጣበት፣ ጥገናው ያልተደረገ።

ያልተደረገ። መኪናዋ ስንት እጅ ተሻግራ፣ በስንት ሰነድ ላይ ተጽፋ፣ ስንት ጊዜ ተመርምራ ነው እናቴ ከፊቷ የተቀመጠችው።

ለእናቴ ከኋላ እንድትቀመጥ ስነግራት «ምነው? ጋቢናው ለማን ተያዘ?» አለችኝ። ቅር ብሏታል። «ለማንም አልተያዘም እማዬ፣ ከፊት ያለው ዕቃ ጉድለት አለበት፣ እስኪቀየር ነው» አልኳት። «መኪናው እኮ ደህና ይሄዳል» አለች። አዎ፣ ደህና ይሄዳል። ክፋቱም እሱ ነው፤ የዚህ ጉድለት ያለበት መኪና አይንቀጠቀጥም፣ አይሸትም፣ ድምፅ አያሰማም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የኤር ባግ መብራት እንኳን አትበራም። መብራቷ የምትነግራችሁ ሽቦው መቆረጡን ወይም ሴንሰሩ መበላሸቱን ነው እንጂ ጣሳው ውስጥ ያለው እንክብል መፈርፈሩን አታውቅም።

ስለ መብራቷ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የአማቼ ጓደኛ የሆነ የመኪና ኤሌክትሪሻን ጉዳዩን ሰምቶ በድሬ ወጉ «አቦ ምን ታካብጂያለሽ፣ እኔ እነቅልላችኋለሁ፣ መብራቱንም አጠፋዋለሁ» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፣ አልቀየምኩትም። ግን ይህን ማንም እንዳያደርግ አጥብቄ እለምናለሁ። ኤር ባግ ፈንጂ ነገር ነው፤ ባልተዘጋጀ እጅ ሲነቀል የነቃዩ ፊት ላይ ሊተኮስ ይችላል። መብራቷን ነቅሎ ወይም በሌላ መብራት ላይ ጠልፎ ማጥፋት ደግሞ ቀጣዩን ገዢ ማታለል ነው። መኪና ስትገዙ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን እዩ፦ የኤር ባጓ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። ጭራሽ የማትበራ ከሆነች አንድ ሰው ነክቷታል።

ወደ ፋብሪካው ወኪል ሄድን። ስሙን አልጠራም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያገኘነው ልጅ «ከእኛ የተገዛች አይደለችም፣ አይመለከተንም» ብሎ ሊሸኘን ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚመለሰው። እኔ ገጹን አትሜ ይዤ ነበር፤ ሻንሲ ቁጥሩ፣ የጥሪው መለያ ቁጥር፣ «ያልተጠናቀቀ» የሚለው ቃል ሁሉም በጥቁርና ነጭ አለ። የሰርቪስ ኃላፊውን አስጠራሁና ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁ፦ «ጥሪው የወጣው በሻጩ ስም አይደለም፣ በመኪናዋ ቁጥር ነው። ቁጥሯን ሲስተማችሁ ውስጥ አስገቡና ካልወጣ እሄዳለሁ» አልኩት። አስገባ። ወጣ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፤ ዕቃው ግን ማዘዣ ተልኮ መምጣት ነበረበት። ያዘዙበትን ወረቀት ማኅተም አስመትቼ ተቀበልኩ። ሳምንታት አለፉ፣ እደውላለሁ፣ «በመንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። እናቴ ከኋላ፣ ጋቢናው ባዶ።

ዕቃው ሲመጣ ሲቀየር ቆሜ አየሁ። ባለሙያው መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታና መፍቻውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ቆመ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ስጠይቀው «ሲስተሙ ውስጥ የቀረ ቻርጅ አለ፣ ከ90 ሰከንድ በላይ ካልጠበቅን አንነካውም» አለኝ። ከዚያ የዳሽቦርዱን ኪስ ነቀለ፣ በእጁ ባትሪ ወደ ውስጥ አበራና ቢጫ ሶኬት አሳየኝ። «መኪና ውስጥ ቢጫ ሽቦና ቢጫ ሶኬት ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ፣ የኤር ባግ ነው» አለ። ጣሳውን አወጣው። የተለጠፈበትን መለያ ቁጥር ቅጽ ላይ ጻፈ፣ የአዲሱንም ከጎኑ ጻፈ። አሮጌው እዚያው ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ አዲሱ በመጣበት ሳጥን ታሽጎ ይመለሳል። ባትሪው ሲታሰርና ቁልፉ ሲዞር የኤር ባጓ መብራት በራች፣ ጠፋች። ደረሰኙ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው። ፋይላችን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ መኪናዋ ነገ ብትሸጥ ከሊብሬው ጋር አብሮ የሚሄድ ወረቀት ነው።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፣ ከአንድ ከሰዓት አይዘልም። ዓመታት የፈጀው ማንም ሳይጠይቅ መቅረቱ ነው።

መጠየቅ ደግሞ ይቻላል፤ ሌሎች አድርገውታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ አደገኛ የታካታ ኤር ባግ ያላስቀየረ መኪና መደበኛውን የቴክኒክ ምርመራ እንዳያልፍ አደረገች። አውስትራሊያ በዚያው ዓመት አስገዳጅ ጥሪ አውጥታ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኤር ባግ እስከ 2020 መጨረሻ እንዲቀየር አምራቾቹን በቀን ገደብ ያዘቻቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቶዮታ 50,000 ለሚሆኑ አሮጌ ኮሮላ፣ ማትሪክስና ራቭፎር ባለቤቶች ጥገናው እስኪደረግ ጨርሶ አትንዱ አለ። እነዚያ እ.ኤ.አ. የ2003፣ የ2004 እና የ2005 ሞዴሎች ናቸው። እኛ አገር በእነዚያ ዓመታት የተሠራ መኪና አሮጌ አይባልም፤ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ሀብት ነው።

የእኛ ጉዳይ እንደውም ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸኩል ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ያሉት አሮጌ መኪኖች ዋጋ ወጣ፤ ይበልጥ ተጠግነው፣ ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይነዳሉ ማለት ነው። ዕድሜው ደግሞ ከዚህ ጉድለት ምክንያቶች አንዱ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ የእኛ አየር መንገድ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ወዲያውኑ መሬት ላይ አቆመ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓለም አገሮች ሁሉ ተከተሉ። ጉድለት የተገኘበት አውሮፕላን ተስተካክሎ ካልተረጋገጠ በቀር አይበርም። ይህን ሥርዓት ቀድመው ካስከበሩት መካከል ነን። በየቀኑ ብዙ ሰው የሚሳፈርበት መኪና ላይ ለምን አንዲት ጥያቄ እንኳን እንደማንጠይቅ አይገባኝም።

ጥሪ ኤር ባግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴንሶ የሚባለው አምራች የሠራው የነዳጅ ፓምፕ በተለያየ ስም የሚሸጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን አስጠርቷል፤ ፓምፑ ሲደክም ሞተሩ እየሄደ እያለ ይጠፋል። ሜዳ ላይ ቢጠፋ ተገፍቶ ዳር ይያዛል። ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ፣ ከኋላ የጅቡቲ ጭነት የያዘ ተሳቢ እየመጣ ሞተር ሲጠፋ ግን መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይረዳዋል።

ለማጣራት የምትፈልጉ፣ እንዲህ አድርጉ። ቁጥሩን ከሊብሬው ብቻ አትውሰዱ፤ ከመኪናው ራሱ አንብቡ፣ ከሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ከፊት መስታወቱ ሥር። 17 ከሆነ በአምራቹ ድረ ገጽ የመጣበትን አካባቢ መርጣችሁ ፈልጉ፤ የባሕረ ሰላጤ መኪና ከሆነ የባሕረ ሰላጤውን ገጽ፣ የአሜሪካ ከሆነ የአሜሪካውን። ጥቂት ፊደልና አኃዝ፣ ጭረት፣ ከዚያ አኃዝ ብቻ ከሆነ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ እሱ በአምራቹ የጃፓን ገጽ ነው የሚገኘው፣ ጽሑፉም ጃፓንኛ ነው፣ ስልካችሁ ይተረጉምላችኋል። የወጣውን አትሙ። ወኪሉ ጋ በቃል አትከራከሩ፣ ወረቀቱን ስጡ፣ ያዘዙበትን ደግሞ በጽሑፍ ተቀበሉ። ዕቃው እስኪመጣ ጋቢናውን ባዶ አድርጉ። የተጠራው የሾፌሩ ኤር ባግ ከሆነ መኪናው ቢቆም ይሻላል፤ ለታክሲ ሠራተኛ ይህን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሌላ ልላችሁ አልችልም።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ግን አለ፣ ገጹም የማይፈታው። ከጃፓን መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተሠርተው ወደ ግራ የተዛወረላቸው ብዙ መኪኖች አሉን። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ አብሮ ይፈታል። በቦታው የገባው ዳሽቦርድና ኤር ባግ ከየትኛው መኪና እንደመጣ ሻንሲ ቁጥሩ አያውቅም። ተጋጭቶ ኤር ባጉ ፈንድቶ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ሌላ የተገዛለትም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩ ንጹሕ ነው ቢል እንኳ የገባው ዕቃ ከተጠራ መኪና የተነቀለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው የኢንፍሌተሩን መለያ በሚያውቅ ባለሙያ አስነቅሎ ማየት ይኖርበታል። ከባድ ነው፣ ወጪም አለው። አሮጌ ኤር ባግ ግን አትግዙ። ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ «ኦሪጅናል ነው» ሲሏችሁም አትግዙ። የተጠራውም እኮ ኦሪጅናል ነበር።

ከእኅቴ መኪና በኋላ የእኔን ደንበኞች መኪኖች ሁሉ ዲክላራሲዮን ስሞላ በዚያው አጣራለሁ። ቁጥሩ ለማንኛውም ፊቴ ነው፤ የሚወስደው ጊዜ ሻይ እስኪቀርብ አይሞላም። ጥሪ የወጣበት ሳገኝ ለባለቤቱ አትሜ እሰጠዋለሁ። አንዳንዱ «ይህን ከነገርሽኝ መኪናዬን ዋጋ ታሳጪዋለሽ» ብሎ ይቆጣል። የተስተካከለበት ወረቀት ያለው መኪና ዋጋ እንደማያጣ ማስረዳቴን አላቆምም።

አሁን ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የማስገባውን ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ያገለገለ መኪና መጀመሪያ ሊብሬ ሲወጣለት ቁጥሩ በአምራቹ ገጽ ተጣርቶ ውጤቱ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ለዓመታዊው ምርመራ የሚመጣ መኪና ደግሞ ያልተሠራ ጥሪ ካለበት ለባለቤቱ በጽሑፍ ይነገረው፤ መጀመሪያው ዓመት ላይ ቦሎ ባይከለከልም ይነገረው። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፣ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም እዚያው አለ። የድሬና የሐረር ትራንዚተሮች፣ የቴክኒክ ምርመራ ባለሙያዎችና የታክሲ ማኅበራት አብራችሁ ብትፈርሙ ደብዳቤው ይከብዳል። ጽፌ ስጨርስ ለፊርማ ይዤ እዞራለሁ፤ መጀመሪያ የምሄደው ሳቢያን ታክሲ መቆሚያ ነው።